ሕመም የማይሰማው የዓይን አደጋ፦ እምብዛም የማያጋጥሙ የሬቲና የደም ሥር እክሎች እንዴት ይታወቃሉ? እንዴትስ ይታከማሉ?

ከአትላንታ መሃል ተነስቶ በኢንተርስቴት 20 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሊቶኒያን ያገኛል። በግራናይት ካባዎቿ የምትታወቀው፣ ስሟም ‘ድንጋይ’ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደው ይህች አነስተኛ ከተማ የምትገኘው በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲው ከክላርክስተን እስከ ስቶን ማውንቴን በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ኑሯቸውን የመሠረቱበት አካባቢ ነው።

እዚህ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ ወላጅ ከሚጠየቃቸው ሰነዶች አንዱ ‘ፎርም 3300’ ይባላል። የጆርጂያ ግዛት የሚጠይቀው ይህ ቅጽ ልጁ የዓይን፣ የጆሮ፣ የጥርስና የሥነ ምግብ ምርመራ ማድረጉን የሚያረጋግጥ ነው። ከክትባት ካርዱ ጋር ተያይዞ የሚገባ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ በሚፈተኑበት በዚህ አጭር ምርመራ፣ ልጁ ራሱ የማያውቀው፣ ወላጅም ያላስተዋለው የአንድ ዓይን የዕይታ መድከም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጋለጥ ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መነጽር የሚያስተካክለው ችግር ነው። አልፎ አልፎ ግን ከጀርባው በዓይን ውስጠኛ ክፍል ያሉ የደም ሥሮች እክል ይገኛል። እነዚህ እክሎች በቁጥር ጥቂት ሰዎችን ቢያጠቁም፣ ዘግይተው ከተገኙ ዓይንን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያሳጣሉ። በጊዜ ከተገኙ ደግሞ ብዙዎቹን መቆጣጠር ይቻላል።

ሬቲና ለምን በቀላሉ ይጎዳል?

ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍን፣ ብርሃን ተቀብሎ በዕይታ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልዕክት የሚልክ ስስ አካል ነው። መሃሉ ላይ የምትገኘው ‘ማኩላ’ የተባለች ትንሽ ሥፍራ ለማንበብ፣ ፊት ለመለየትና መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው ጥርት ያለ ዕይታ ምንጭ ናት።

ሬቲና ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል። ይህንን የሚያደርሱለት የደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ በመሆኑ በጤናማ ዓይን ውስጥ ደምም ሆነ ፈሳሽ ወደ ውጭ አይወጣም። ግድግዳው ሲሳሳ፣ ሲለጠጥ ወይም ያለ ሥርዓት የተፈጠረ ሲሆን ግን ውሃው፣ ስቡና ደሙ ማፍሰስ ይጀምራል። ፈሳሹ ማኩላን ሊያሳብጥ፣ ሬቲና ሥር ሲጠራቀምም ከተጣበቀበት ግድግዳ ሊያላቅቀው ይችላል።

ሁለት ነገሮች አደጋውን ይሸሽጉታል። የመጀመሪያው ሬቲና ሕመም የማይሰማው መሆኑ ነው። ዓይን ሳይቀላ፣ ሳያሳክክና ሳይቆጠቁጥ ዕይታ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ጤናማው ዓይን የታመመውን ሥራ መሸፈኑ ነው። በተለይ ሕፃናት በአንድ ዓይን ብቻ እያዩ ሊጫወቱ፣ ሊሮጡና ሥዕል ሊስሉ ስለሚችሉ፣ አንዱ ዓይን መድከሙን ከሁኔታቸው መረዳት ያዳግታል።

የሬቲናን የደም ሥሮች በመጉዳት ቀዳሚ ከሆኑት መካከል የስኳር በሽታ ይጠቀሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ከእርሱ እጅግ ባነሱ ሰዎች ላይ በሚታዩትና በዚሁ ምክንያት ከሌላ በሽታ ጋር በሚምታቱት ላይ ነው።

የኮትስ በሽታ፦ በአንድ ዓይን ላይ የሚደበቀው

ስኮትላንዳዊው የዓይን ሐኪም ጆርጅ ኮትስ በ1908 እ.አ.አ. ያብራሩት በሽታ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዚህ በሽታ የሬቲና ጥቃቅን የደም ሥሮች ተለጥጠውና አብጠው፣ ስብ ያዘለ ቢጫ ፈሳሽ ያፈስሳሉ። ከታማሚዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ወንዶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከአሥር ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በአብዛኛው የሚያጠቃውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። በብሪታኒያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች መካከል በበሽታው እንደ አዲስ የሚያዙት አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አመልክቷል።

በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አይታወቅም። እናት በእርግዝና ወቅት በላችው ወይም በሠራችው ነገርም አይመጣም። ስለዚህ ወላጆች ራሳቸውንም ሆነ አንዳቸው ሌላቸውን የሚወቅሱበት ምክንያት የለም።

ቤተሰብ ሊያስተውላቸው የሚችላቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የዓይን መንሸዋረር ነው። በኅብረተሰባችን ዘንድ “ሲያድግ ይተወዋል” እየተባለ የሚታለፈው መንሸዋረር፣ አንዱ ዓይን ማየት በማቆሙ አቅጣጫ መሳቱን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ነው። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ የሁለቱም ዓይኖች ብሌን ቀይ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ሲሆን፣ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ግን ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ አንድ ፎቶ ብቻውን በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም። ልጁ ወደ ጎን ሲያይ ብርሃኑ ከዕይታ ነርቭ ላይ ነጥሮ ጤናማውን ብሌን ነጭ ሊያስመስለው ይችላል። የስልኮች የቀይ ዓይን ማስተካከያም ምልክቱን ሊያጠፋው ይችላል። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ወደ አትላንታ፣ ከአትላንታም ወደ ጎንደር የልጆች ፎቶ በየዕለቱ በሚላላክበት በዚህ ዘመን፣ ልዩነቱን አስቀድማ የምታስተውለው ሩቅ ያለች አክስት ወይም አያት ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ የሚበጀው ፎቶውን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?

የኮትስ በሽታን ለመለየት መቸኮል የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው። ይህ ካንሰርም ብሌንን ነጭ ያደርጋል፤ ዓይንን ያንሸዋርራል፤ ሬቲናንም ያላቅቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ ሳይታከም ከቆየ ከዓይን አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሠራጫል።

ሁለቱን መለየት የልዩ ባለሙያ ሥራ ነው። በኮትስ በሽታ የደም ሥሮቹ እንደ ጥቃቅን አምፖሎች ያብጣሉ፤ ፈሳሹም ወደ ቢጫ ያደላል። በሬቲኖብላስቶማ ደግሞ በአብዛኛው ዕጢው ውስጥ የካልሲየም ክምችት በአልትራሳውንድ ይታያል። ኤምአርአይም ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል። ካንሰር ሊሆን ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ ዓይኑን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ አይመከርም፤ የካንሰር ሕዋሳት በመርፌው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ሊወጡ ስለሚችሉ ነው።

ነጭ ብሌን ያለው ልጅ ለወራት የሚራዘም ቀጠሮ መጠበቅ የሌለበት ለዚህ ነው። ወላጆች ወደ ሕክምና ተቋም ሲደውሉ “ዓይኑን አሞታል” ከማለት ይልቅ “የአንድ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ይታያል” ብለው በግልጽ ቢናገሩ፣ ቀጠሮ ሰጪው ጉዳዩ አጣዳፊ መሆኑን ለመረዳት ይቀለዋል።

አንድ ዓይን የቤተሰብን ታሪክ ሲናገር

ሁለተኛው እክል ከኮትስ በሽታ በተቃራኒ በዘር የሚተላለፍ ነው። ‘ፎን ሂፐል ሊንዳው’ የሚባለው ይህ ሕመም ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦይገን ፎን ሂፐልና ከስዊድናዊው አርቪድ ሊንዳው ነው። ከ36 ሺህ ሰዎች መካከል አንዱን ገደማ እንደሚያጠቃ ይገመታል።

በዚህ ሕመም በሬቲና ላይ በደም ሥሮች የተሞሉ ቀያይ ዕጢዎች ይበቅላሉ። ዕጢዎቹ ካንሰር አይደሉም። ሆኖም ደምና ፈሳሽ በማፍሰስ ዕይታን ያጠፋሉ። ተመሳሳይ ዕጢዎች በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ሊወጡ ይችላሉ። በኩላሊት ላይ ካንሰር፣ ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ላይ ደግሞ የደም ግፊትን በድንገት የሚያንር እብጠት ሊፈጠር ይችላል። ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ምልክት የሚታየው በዓይን ላይ በመሆኑ፣ በተማረ ዓይን የታየ አንድ ሬቲና ኋላ ሊመጣ የሚችልን የኩላሊት ካንሰር አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

መንስኤው በ1993 እ.አ.አ. የታወቀው የአንድ ዘረ መል ጉድለት ነው። ይህ ዘረ መል የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን ሲያገኙ “አዲስ የደም ሥር አያስፈልግም” የሚል ትዕዛዝ እንደሚሰጥ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ሲጠፋ ሕዋሱ ኦክስጅን ያጣ እየመሰለው ያለማቋረጥ የደም ሥሮችን ይጠራል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን የሚያውቁበትን መንገድ የገለጡት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ በ2019 እ.አ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ኬሊን ወደዚህ ግኝት ያመሩትም ይህንኑ ሕመም በማጥናት ነበር።

የዘረ መል ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ጉድለቱ ከወላጅ ሳይወረስ በልጁ ላይ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። የደም ምርመራ ማን ክትትል እንደሚያስፈልገው፣ ማን ደግሞ ከሥጋት ነፃ እንደሆነ ይለያል። ጉድለቱ የተገኘባቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መደበኛ የዓይን ምርመራ፣ ዕድሜያቸው ከፍ ሲልም የአንጎል፣ የአከርካሪና የሆድ ዕቃ ምርመራ ይደረግላቸዋል።

በማኅበረሰቡ ውስጥ በዘር የሚመጣ ሕመም በትዳርና በቤተሰብ ስም ላይ ጥላ ያጠላል በሚል ፍርሃት ሊደበቅ ይችላል። በዚህ ሕመም ግን ምሥጢሩ ዋጋ የሚያስከፍለው ገና ምልክት ያላዩትን ወንድሞች፣ እህቶችና የአጎት ልጆች ነው። በአሜሪካ በ2008 እ.አ.አ. የወጣ ሕግ የጤና መድን ድርጅቶችና ቀጣሪዎች በዘረ መል ምርመራ ውጤት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ሕጉ የሕይወት መድንን ስለማይሸፍን ግን ከምርመራው በፊት ከዘረ መል አማካሪ ጋር መነጋገር ይመከራል።

በአዋቂዎች ላይ የሚታዩት

የሬቲና የደም ቧንቧ እንደ ፊኛ ሲያብጥ ‘ማክሮአኒዩሪዝም’ ይባላል። ይህ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈና የደም ግፊት ባለባቸው ሴቶች ላይ ይታያል። ያበጠው ሥፍራ ሲፈነዳ ደም በሬቲና ፊት፣ ውስጥና ሥር ሊፈስስ፣ ዕይታም በድንገት ሊጨልም ይችላል። ብዙ ጊዜ እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ሆኖም ዓይን ብቻ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም፤ የደም ግፊቱ ካልተስተካከለ አንጎልና ልብም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ሌላው ‘ማኩላር ቴላንጂክቴዢያ ዓይነት 2’ በመካከለኛ ዕድሜ ሁለቱንም ዓይኖች ቀስ በቀስ ያደክማል። ታማሚው ሲያነብ ከቃላት መካከል አንዳንድ ፊደላት ይጠፉበታል። ይህ ሕመም ከስኳር በሽታ ወይም ከዕድሜ ጋር ከሚመጣ የማኩላ መድከም ጋር ሊምታታ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሕክምና አልነበረውም። በመጋቢት 2025 እ.አ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ‘ኤንሴልቶ’ የተባለ፣ በቀዶ ሕክምና ዓይን ውስጥ የሚቀመጥና የነርቭ ሕዋሳትን የሚንከባከብ ፕሮቲን የሚለቅ ጥቃቅን ተካይ አጽድቋል። ዓላማው የጉዳቱን ፍጥነት መቀነስ እንጂ የጠፋውን ዕይታ መመለስ አይደለም።

ምርመራው ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ብሌንን በጠብታ ማስፋት ነው። ብሌን ካልሰፋ የሬቲና ዳርቻ በሚገባ አይታይም፤ የኮትስ በሽታም ሆነ የፎን ሂፐል ሊንዳው ዕጢዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዳርቻው ነው። ለመነጽር ተብሎ የሚደረግ የፊደል ንባብ ይህንን አይተካም። ጠብታው ለተወሰኑ ሰዓታት ዕይታን ስለሚያደበዝዝና ብርሃን እንዲያስቸግር ስለሚያደርግ፣ መኪና ለሚያሽከረክር ሰው የሚመልሰው ሰው ይዞ መሄድ ይበጀዋል። በተለይ በሹፌርነት ለሚተዳደሩ ሰዎች ቀጠሮውን ከሥራ ፈረቃ ውጪ ማድረጉ ይመረጣል።

ከዚያ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ የደም ሥር ተሰጥቶ፣ በሬቲና ውስጥ ሲያልፍ ተከታታይ ፎቶ ይነሳል። የትኛው የደም ሥር እንደሚያፈስስ የሚታየው በዚህ ነው። ከምርመራው በኋላ ቆዳና ሽንት ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ መምሰሉ ሊያስደነግጥ አይገባም። ‘ኦሲቲ’ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ያለ መርፌ፣ በብርሃን ብቻ የሬቲናን ንብርብሮች ያሳያል። ምርመራው ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይችል ሕፃን ሲሆን ብዙ ጊዜ በሙሉ ሰመመን ይከናወናል።

ሕክምናውና ገደቡ

የሕክምናው መሠረታዊ ሐሳብ የሚያፈስሰውን የደም ሥር መዝጋት ነው። ሬቲና ከቦታው ካልተነሳ ሌዘር ይመረጣል። ፈሳሽ ከተጠራቀመ ወይም እክሉ በዳርቻው ከሆነ ከዓይን ውጭ በሚቀመጥ መሣሪያ የታመመውን ሥፍራ በቅዝቃዜ ማድረቅ ይቻላል። የደም ሥሮች እንዲያፈስሱ የሚገፋፋውን ንጥረ ነገር የሚገታ መድኃኒት በመርፌ ዓይን ውስጥ መስጠትም በአጋዥነት ያገለግላል። ሬቲና በሰፊው ከተላቀቀ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በፎን ሂፐል ሊንዳው ለሚመጡ የኩላሊት፣ የአንጎልና የቆሽት ዕጢዎች በ2021 እ.አ.አ. የጸደቀው ‘ቤልዙቲፋን’ የተባለ እንክብል በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የዓይኑንም ዕጢ ማኮሰሱ ታይቷል። ይሁንና ፅንስን ስለሚጎዳ በእርግዝና ወቅት አይወሰድም።

የኮትስ በሽታ በአምስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የተገኘ ዓይን ጥሩ ዕይታ ይዞ የመቆየት ዕድል አለው። በሦስተኛው ዓይኑን ማትረፍ ቢቻልም ዕይታው ብዙ ጊዜ ይጎዳል። በአራተኛውና በአምስተኛው በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሊንርና ሕመም ሊፈጥር ስለሚችል፣ አንዳንዴ የሚቀረው አማራጭ ዓይኑን ማውጣት ነው።

ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም። ሌዘሩ ሊደጋገም፣ የተዘጋው የደም ሥርም ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊያፈስስ ይችላል። ልጁ ደህና ሆኖ ሲታይ ቀጠሮ ማቋረጥ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ እንዲመለስ በር ይከፍታል። በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ልጅ ደግሞ ጤናማው ዓይኑ እንዳይመታበት የማይሰበር መነጽር እንዲያደርግ ይመከራል።

ከሊቶኒያ እስከ አገር ቤት

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከአሥር አንዱ በላይ ደግሞ በትራኮማ እንደሚመጣ አሳይቷል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ የሚገኘው የካርተር ማዕከልም በአማራ ክልል ለዓመታት ሲደግፍ የቆየው ትራኮማን የመከላከል ሥራ ነው። ሚሊዮኖችን የሚያሰጋው በሽታ ቅድሚያ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች ቢኖሩም፣ የሬቲና ባለሙያዎችና መሣሪያዎች በትላልቅ ከተሞች የተወሰኑ ናቸው። ስለዚህ ከገጠር የሚመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

በአትላንታ ዙሪያ መሣሪያው ቅርብ ነው። በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማዕከል የሬቲናና የዓይን ዕጢ ባለሙያዎች ይገኛሉ። እንቅፋት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ገንዘብ፣ ቋንቋና ጊዜ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች በሜዲኬይድ ወይም ‘ፒችኬር ፎር ኪድስ’ በተባለው የጆርጂያ ፕሮግራም ሊሸፈኑ ይችላሉ። ወላጆቹ የማያሟሉ ቢሆኑም እንኳ በአሜሪካ የተወለደ ልጅ ሊያሟላ ይችላል። የጤና መድን የሌላቸው የዲካልብና የፉልተን ካውንቲ ነዋሪዎች በግሬዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ ገቢያቸው የክፍያ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ስለ ካንሰር ወይም ስለ ዘር ውርስ የሚነገርን ነገር ታዳጊ ልጅ ለወላጆቹ እንዲያስተረጉም ማድረግ አያስፈልግም።

ባለሙያዎች ሳይዘገይ እንዲታይ የሚመክሩት ብሌኑ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚታይን ልጅ፣ አዲስ የጀመረ መንሸዋረርን፣ በአንድ ዓይን ዕይታ ላይ በድንገት የወረደ ጥቁር መጋረጃ መሰል ጥላን፣ ብልጭታንና በዕይታ ፊት የሚንሳፈፉ በርካታ ነጠብጣቦችን ነው። ለአዋቂዎች በቤት ውስጥ የሚሆን ቀላል መፈተኛም አለ፦ አንዱን ዓይን በመዳፍ ከድኖ በሌላው ማንበብ፣ ከዚያም መቀያየር። ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሐኪምን ምርመራም አይተካም። ጤናማው ዓይን እስኪከደን ድረስ ተሰውሮ የቆየውን ልዩነት ግን ሊገልጥ ይችላል።